ሚኒያፖሊስ ወይስ ዴንቨር? የሁለቱ ዳውንታውን ሕንጻዎች ቁመት፣ ቅርጽና የፎቶ ማንሻ ቦታ

ሰላም_ከአውሮራ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንደምን ከረማችሁ። ለማኅበረሰብ አዳራሻችን ሁለት ትልልቅ ፎቶዎች ጎን ለጎን ሊሰቀሉ ታስቧል፤ አንዱ የዴንቨር ዳውንታውን (መሃል ከተማ)፣ ሌላው የሚኒያፖሊስ። በሁለቱም ከተሞችና በዙሪያቸው ብዙ የሀገራችን ሰው ስለሚኖር ነው የተመረጡት። የእያንዳንዱ ፎቶ መጠን 90 በ60 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከሥሩ አጭር መግለጫ ይኖረዋል።

ሦስት ነገር ላስቸግራችሁ። በ2020ው ቆጠራ ዴንቨር 715 ሺህ፣ ሚኒያፖሊስ ደግሞ 430 ሺህ ገደማ ሕዝብ ነበራቸው። ታዲያ በፎቶ ሲታዩ የሚኒያፖሊስ ሕንጻዎች ለምን ረዘም ይላሉ? እውነት ይረዝማሉ ወይስ የካሜራ ነገር ነው? ሁለተኛ፣ ቁመታቸው በየድረ ገጹ ይለያያል፤ መግለጫው ላይ የትኛው ይጻፍ? ሦስተኛ፣ አንዱ ፎቶ ሌላውን እንዳያሳንሰው፣ ሁለቱም በአንድ ልክ እንዲወጡ ከየት ቆሞ፣ በምን ሌንስ ማንሳት ይሻላል?

ነባሩ መሃንዲስ፦

እህቴ፣ ከቁመቱ ልጀምርልሽ። አዎ፣ ይረዝማሉ፤ ግን ዓይን እንደሚለው ያህል አይደለም። የሚኒያፖሊስ ሦስቱ ረጃጅሞች አይ ዲ ኤስ ሴንተር (241 ሜትር)፣ ካፔላ ታወር (236.5 ሜትር) እና ዌልስ ፋርጎ ሴንተር (236 ሜትር) ናቸው። የዴንቨሮቹ ሪፐብሊክ ፕላዛ (218 ሜትር)፣ 1801 ካሊፎርኒያ (216 ሜትር) እና ዌልስ ፋርጎ ሴንተር (213 ሜትር) ናቸው። ዌልስ ፋርጎ ሴንተር የሚባል ሕንጻ በሁለቱም ከተማ ስላለ መግለጫው ላይ የከተማውን ስም አብረሽ ጻፊ፤ አለዚያ አንባቢው ይምታታበታል።

የመጀመሪያውን ከመጀመሪያው ጋር ስናስተያየው ልዩነቱ 23 ሜትር ነው። የቢሮ ፎቅ ከወለል እስከ ወለል 4 ሜትር ገደማ ስለሚሆን፣ ስድስት ፎቅ እንኳ አይሞላም። ለግምት እንዲመች፣ አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት 209 ሜትር ነው፤ ዴንቨርም ቢተከል፣ ሚኒያፖሊስም ቢተከል አራተኛ ይወጣ ነበር።

ታዲያ ልዩነቱ ለምን ገዝፎ ይታያል? ከቁመቱ ይልቅ የተሠሩበትን ዘመን ተመልከቺ። የዴንቨር ሦስቱ ረጃጅሞች በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተከታትለው ያለቁ ናቸው። ያን ጊዜ የነዳጅ ገንዘብ ወደ 17ኛው ጎዳናና አካባቢው ይጎርፍ ነበር። በ1986 የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ ብዙ ቢሮ ባዶውን ቀረ። በ1985 ካለቀው 1999 ብሮድዌይ በኋላ፣ 150 ሜትር ያለፈ ሌላ ሕንጻ የታየው በ2010 ፎር ሲዝንስ ሲያልቅ ነው። ሃያ አምስት ዓመት ማለት ነው። በአንድ የግንባታ ዘመን፣ በተቀራራቢ ቁመት፣ አብዛኛው ጣሪያው ጠፍጣፋ ሆኖ ስለተሠራ ከሩቅ ሲታይ እኩል የተከረከመ አጥር ይመስላል። አጥር ውስጥ ደግሞ የትኛው እንጨት እንደሚረዝም ዓይን አይለይም።

ሚኒያፖሊስ ሌላ መንገድ ነው የሄደችው። ከ1929 ጀምሮ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ረጅሙ 136 ሜትር የሆነው ፎሼይ ታወር ነበር፤ ወደ ላይ እየቀጠነ የሚሄድ፣ የዋሽንግተንን ሐውልት ተከትሎ የተሠራ ባለ 32 ፎቅ ሕንጻ ነው። አይ ዲ ኤስ መጥቶ በአንድ ጊዜ 100 ሜትር ያህል በለጠው። ከዚያ በ1988 ዌልስ ፋርጎ ሴንተር ተሠራ፤ ቦታው በ1982 በምስጋና ቀን በተነሳ እሳት የጠፋው የባንክ ሕንጻ የነበረበት ነው። ካፔላ በ1992 ተከተለ። ሦስቱ ሕንጻዎች ሃያ ዓመት ላይ ተዘርግተዋል፤ ቁመታቸው ቢቀራረብም አናታቸው አይመሳሰልም። አይ ዲ ኤስ ማዕዘኑ በደረጃ በደረጃ የተቆረጠ የመስታወት ሕንጻ ነው፤ አርክቴክቱ ፊሊፕ ጆንሰን በዚያ ዘዴ በአንድ ፎቅ ላይ 32 የማዕዘን ቢሮ አግኝቷል። የሴዛር ፔሊ ዌልስ ፋርጎ በማር ቀለም ድንጋይ ተለብጦ ወደ ላይ ሲወጣ እየገባ ይሄዳል። ካፔላ አናቱ ላይ የግማሽ ክብ አክሊል አለው። ዓይን አንዱን ከሌላው ለይቶ ሲይዝ እያንዳንዱን በሙሉ ቁመቱ ይቆጥረዋል።

መግለጫው ላይ የሚጻፈውን በተመለከተ አንድ መለኪያ ብቻ ያዢና በሁለቱም ከተማ እሱኑ ተጠቀሚ። የተለመደው የሥነ ሕንጻ ቁመት የሚባለው ነው፤ ከዝቅተኛው የእግረኛ ዋና መግቢያ ተነስቶ የሕንጻው አካል እስከሆነው ጫፍ ድረስ ይለካል። ሾጣጣ ጌጥ ይቆጠራል፣ አንቴና አይቆጠርም። ቁጥሮች የሚለያዩት በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው፦

አይ ዲ ኤስ ከነአንቴናው 277 ሜትር ተብሎ ታገኚዋለሽ። ያለ አንቴና 241 (792 ጫማ) ነው። በዚህም ውስጥ ጣሪያው ላይ ያለው የመስኮት ማጠቢያ መሣሪያ ማስቀመጫ 16 ጫማ ተቆጥሯል፤ እሱ ቢወጣ 776 ጫማ ይሆንና ከካፔላና ከዌልስ ፋርጎ ጋር እኩል ለእኩል ይሆናል። በዴንቨር በኩል የፎር ሲዝንስ 195 ሜትር ሾጣጣውን ጨምሮ ነው።

ሌላው ስህተት ጫማን ወደ ሜትር ሲቀይሩ በ0.3 ማባዛት ነው። ትክክለኛው 0.3048 ነው። 792 በ0.3 ሲባዛ 237.6 ይሰጣል፤ ወደ 4 ሜትር ጎደለ ማለት ነው። በሚኒያፖሊስ አንደኛውና ሦስተኛው መካከል ያለው ልዩነት በጠቅላላው 5 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ይህች ስህተት ብቻ ደረጃውን ልታመሳቅል ትችላለች።

ሌንስና ብርሃን፦

ሦስተኛው ጥያቄ ለእኔ ይሁን። ሁለት ፎቶ በአንድ ልክ የሚወጣው የርቀቱ ምጥጥንና የሌንሱ (በሚሊ ሜትር የሚጻፈው የትኩረት ርዝመቱ) ምጥጥን እኩል ሲሆን ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም።

ለዴንቨር የሚሻለው ሲቲ ፓርክ ነው፤ ከተፈጥሮና ሳይንስ ሙዚየሙ በስተ ምዕራብ ካለው ከፍታ ላይ። ፊት ለፊት ፌሪል ሐይቅ፣ ከዚያ ሕንጻዎቹ፣ ከኋላቸው የሮኪ ተራሮች ይሰለፋሉ። ከዚያ እስከ ሪፐብሊክ ፕላዛ 4 ኪሎ ሜትር ነው። ለሚኒያፖሊስ ስቶን አርች ድልድይ መሃል ቁሚ፤ በ1883 ለባቡር የተሠራና ዛሬ ለእግረኛና ለብስክሌት የሆነው ድልድይ። ከዚያ እስከ አይ ዲ ኤስ 1.6 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 4 ለ1.6 ሲካፈል 2.5 ይሆናል፤ ስለዚህ የዴንቨሩ ሌንስ የሚኒያፖሊሱ 2.5 እጥፍ መሆን አለበት።

ሕንጻዎቹን ብቻ ከፈለግሽ 50 ሚሊ ሜትር ለሚኒያፖሊስ፣ 125 ለዴንቨር። ተራራውንም ከነጫፉ ከፈለግሽ 36 እና 90። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ማውንት ብሉ ስካይ ከሪፐብሊክ ፕላዛ በስተ ግራ 10 ዲግሪ ያህል ፈንጠር ስለሚል በ125 ለሕንጻዎቹ መሃል ከያዝሽ ከፍሬም ይወጣል። እነዚህ ቁጥሮች ለሙሉ ፍሬም ካሜራ ናቸው። ሴንሰሩ (ብርሃን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) አነስ ያለ፣ 1.5 የሚባለው ዓይነት ከሆነ 24 እና 60 አድርጊው።

አሁን ወደ «የካሜራ ነገር» እንምጣ። ዴንቨርን የሚያሳጥራት ተራራው ነው። ማውንት ብሉ ስካይ 4,348 ሜትር ከፍታ አለው፣ ከሲቲ ፓርክ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የምድር ክብነት የሚወስደውን ቀንሰን ስናሰላው ከአድማስ በላይ የሚታየው 2.3 ዲግሪ ያህል ነው። 218 ሜትሩ ሕንጻ ከ4 ኪሎ ሜትር ሲታይ 3.1 ዲግሪ ነው። ተራራው የሕንጻውን ሦስት አራተኛ ያህላል ማለት ነው። ወደ 2 ኪሎ ሜትር ብትጠጊ ሕንጻው 6.2 ዲግሪ ሲሆን ተራራው እዚያው 2.3 ላይ ይቀራል፤ ያኔ ከሕንጻው ሲሶ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ፎቶ አንሺዎች ተራራው እንዲገዝፍ ብለው ወደ ኋላ ይሸሹና በረጅም ሌንስ ይስባሉ፤ ሕንጻው ግን በዚያው መጠን ይኮስሳል። ሚኒያፖሊስ ከኋላዋ ሜዳ ነው፤ የሚፎካከራት የለም፣ ድልድዩም ቅርብ ነው።

ሚኒያፖሊስ ላይ ግን ሌላ ማታለያ አለ። በ2022 ያለቀው ኢለቨን የሚባለው የመኖሪያ ሕንጻ 168 ሜትር ነው። ወንዙ ዳር ስለሆነ ከድልድዩ ብዙም አይርቅም፤ ወደ ግራ ብታዞሪ ከአይ ዲ ኤስ እጥፍ መስሎ ይወጣል። ከፍሬም አስወጪው።

ሰዓት፦ በሁለቱም ቦታ ወደ ምዕራብ ስለምትመለከቺ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያለው የመጀመሪያ አንድ ሰዓት ነው። ብርሃኑ ከጀርባሽ መጥቶ የሕንጻዎቹን ፊትና የተራራውን በረዶ እኩል ይመታል። ዴንቨር ላይ ከቀትር በኋላ ተራራው ላይ ደመና ይከመራል፣ ፀሐዩም ከፊት ይመጣና ሕንጻዎቹ ጥላ ብቻ ይሆናሉ። በበጋ ወራት የሰደድ እሳት ጭስ ካለ ተራራውን ጨርሶ ላታዪው ትችያለሽ። በረዶ ጥሎ ባደረ ማግስት የሚነጋው ንጋት ከሁሉም ይጠራል። መሬቱ ሲሞቅ ደግሞ አየሩ ይርገበገባል፤ የመስኮቶቹ መስመር የሚወላገደው በዚያ ነው፣ ውድ ሌንስ አያድነውም።

ሚኒያፖሊስ በጥር ከዜሮ በታች 20 ሲገባ ባትሪ ቶሎ ይሞታል፤ ትርፉን በውስጥ ኪስ ያዢ። ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ስትገቢ ካሜራውን ገና ውጭ ሳለሽ በላስቲክ ከረጢት አጥብቀሽ እሰሪው፤ እስኪሞቅ ድረስም አትክፈቺው፤ አለዚያ ሌንሱ ውስጥ ላብ ይይዛል።

ሴዳር_ሪቨርሳይድ፦

ነባሩ መሃንዲስ የጻፉት ትክክል ነው፤ ግን «ሚኒያፖሊስ ትረዝማለች» ብሎ ማቆም ዴንቨርን ይበድላታል። ቁመት የስካይላይን (ከተማው ከሩቅ ሲታይ ሕንጻዎቹ የሚሰጡት ገጽታ) አንዱ ክፍል ብቻ ነው። ዴንቨር ከሰሜን ምዕራብ ጎን ሲታይ ሌላ ከተማ ነው፦ ከዩኒየን ስቴሽን ጀምሮ ያለው ሎዶ የሚባለው አሮጌ ሰፈር በ1988 በታሪካዊ ቅርስነት ስለተጠበቀ ዝቅተኛ ቀይ የጡብ ሕንጻዎች ናቸው ያሉት፤ ከኋላቸው መስታወቱ ድንገት ይነሳል። በመካከል የዳንኤልስ ኤንድ ፊሸር የሰዓት ግንብ ብቻውን ቆሟል። 99 ሜትር ነው፤ የቬኒሱን የቅዱስ ማርቆስ የደወል ግንብ ተከትሎ በ1910 አካባቢ የተሠራ። ተያይዞት የነበረው ሱቅ ፈርሶ ግንቡ ብቻ ነው የቀረው። ሚኒያፖሊስ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጌትዌይ የሚባለውን ሰፈሯን ከነሜትሮፖሊታን ሕንጻው ስላፈረሰች እንዲህ ያለ የአሮጌና የአዲስ መጋጠሚያ ወንዙ ዳር ካሉት የዱቄት ወፍጮዎች በቀር ብዙ አልቀራትም። ይህ ያንገበግበኛል።

1999 ብሮድዌይን ቀርበሽ እዪው። ባለ 43 ፎቅ የመስታወት ሕንጻ ነው፤ ከፊቱ ያለችውን የመንፈስ ቅዱስ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ላለመንካት ወደ ውስጥ ታጥፎ እንደ ክንድ ያቀፋት። ከሲቲ ፓርክ በተነሳው ፎቶ ላይ ይህ ፈጽሞ አይታይም።

ለመግለጫው ደግሞ ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኝ አንድ እውነት ልጨምር። የሚኒያፖሊሱን አይ ዲ ኤስና የዴንቨሩን ዌልስ ፋርጎ ሴንተር የነደፈው አንድ ሰው ነው፣ ፊሊፕ ጆንሰን፤ በአሥር ዓመት ልዩነት። የዴንቨሩ አናቱ እንደ ቅስት የተጎበጠ በመሆኑ ሕዝቡ «ካሽ ሬጅስተር» (የሱቅ ገንዘብ መቀበያ ማሽን) ይለዋል። ንድፉ መጀመሪያ የታሰበው በረዶ እምብዛም ለማይጥልበት ለቴክሳስ ነበር፤ ዴንቨር ሲመጣ በረዶው በጉባጣው ተንሸራቶ እግረኛ ላይ እንዳይወርድ ጣሪያው ማሞቂያ እንዲኖረው ግድ ሆነ። ሌላም ነገር አለ፦ በቁመት ሦስተኛ ሆኖ ሳለ ከፍ ያለ መሬት ላይ ስለተተከለ በዓይን ሲታይ አንደኛ ይመስላል። መግለጫው ላይ «ረጅሙ» ብላችሁ እሱን እንዳትጠቁሙ።

ስለ ሪቨርሳይድ ፕላዛም አንድ ቃል። ባለቀለም ሰሌዳ ያላቸው እነዚያ ኮንክሪት ሕንጻዎች፣ ረጅሙ 39 ፎቅ፣ በ1973 በራልፍ ራፕሰን ንድፍ የተሠሩ ናቸው። ብዙ የምሥራቅ አፍሪካ ሰው የሚኖርባቸው ናቸው። ከ35 ደብልዩ አውራ ጎዳና ማዶ ስለሆኑ ዳውንታውን አይባሉም፤ ከስቶን አርች የሚነሳው ፎቶም ውስጥ አይገቡም። አዳራሹ የእኛ ሰው አዳራሽ ከሆነ ግን አነስ ያለች ሦስተኛ ፎቶ ይገባቸዋል ባይ ነኝ።

ሰላም_ከአውሮራ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ ዴንቨር ውስጥ ተራራው እንዳይጋረድ የሚል ሕግ አለ ይባላል። ሕንጻዎቹ ያጠሩት በዚያ ምክንያት ነው?

ነባሩ መሃንዲስ፦

ሕጉ አለ፤ ከ1968 ጀምሮ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ሲቲ ፓርክን፣ ቺዝማን ፓርክን በመሳሰሉ ቦታዎች የተወሰነ የመመልከቻ ነጥብ ይያዛል። ከዚያ ነጥብ ወደ ተራራው እንደ ማራገቢያ የሚሰፋ ክልል ይነጠፋል፤ በዚያ ክልል ውስጥ የሚሠራ ሕንጻ ከተቀመጠው ከፍታ ማለፍ አይችልም። የሚለካው ከጎዳናው ሳይሆን ከባሕር ወለል ነው። ስለዚህ ዝቅ ያለ መሬት ላይ የሚሠራ ሰው ብዙ ፎቅ ያገኛል፣ ጉብታ ላይ ያለው ግን ጥቂት።

የረጃጅሞቹን ቁመት ወሰነ የሚለው ግን አይሄድም። ሪፐብሊክ ፕላዛ ራሱ ያለቀው ሕጉ ከወጣ ከ16 ዓመት በኋላ ነው። ሕጉ የሚጫነው በየፓርኩ ዙሪያ ባሉት ሰፈሮችና በአንዳንድ የዳውንታውን ጠርዞች ነው። ለምሳሌ ቦል አሬና የሚባለው የስፖርት አዳራሽ ዙሪያ ያለውን መኪና ማቆሚያ ወደ ሕንጻ ለመቀየር የከተማው ምክር ቤት በ2024 አንዱን የእይታ ክልል ማሻሻል ነበረበት። እዚያ ረጃጅሞች ሲነሱ ከምዕራብ የሚነሳው ፎቶ ይለወጣል፤ ለሃያ ዓመት የሚሰቀል ፎቶ ከሆነ ከምሥራቅ ማንሳቱ ለዚህም ይበጃል። ዋናዎቹን ያስቆማቸው ገበያው ነው፣ የነዳጁ ውድቀት።

ጎዳናዎቹንም ልብ በይ። የሁለቱም ዳውንታውን የመጀመሪያ ፕላን ወንዙን ተከትሎ ስለተቀየሰ ከሌላው ከተማ አንጻር ዘወር ብሎ ነው የተቀመጠው። ዴንቨር ላይ መዞሩ 45 ዲግሪ ነው። ከሲቲ ፓርክ ቀጥ ብለሽ ወደ ምዕራብ ስትመለከቺ የሕንጻዎቹ ማዕዘን ነው የሚገጥምሽ፤ ጎኑ 40 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ሕንጻ 57 ሜትር ያህል ስፋት ይዞ ይታያል። ሲሰፋ ያጠረ ይመስላል። የዓይንሽ ጥርጣሬ አንዱ ምንጭ ይኸው ነው።

ሌንስና ብርሃን፦

ለሕትመቱ የመጨረሻውን ልጨምር። በ36 እና በ90 ከተነሳ ሁለቱም ፎቶ በሕንጻዎቹ ርቀት 1.6 ኪሎ ሜትር ስፋት ይይዛል። 90 በ60 ከካሜራው 3 ለ2 ጋር ስለሚገጥም ቆርጠሽ የምትጥዪው አይኖርም፤ ባለ 24 ሜጋ ፒክስል ካሜራም በኢንች 170 ነጥብ ገደማ ይሰጣል፣ ከሁለት ሜትር ለሚመለከት ይበቃል። ማተሚያ ቤቱ «ወረቀቱን እንዲሞላ» ብሎ በራሱ እንዳያጎላው አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ አንዱን ብቻ 10 በመቶ ካጎሉት የለፋሽበት ልክ ጠፋ። የሁለቱንም የመሬት መስመር ከወረቀቱ ግርጌ እኩል ከፍታ ላይ አስቀምጪ።

ናሙናው ሲመጣ በማስመሪያ ለኪ፦ አይ ዲ ኤስ ከእግሩ እስከ ጣሪያው 13.6 ሴንቲ ሜትር፣ ሪፐብሊክ ፕላዛ 12.3 ሴንቲ ሜትር አካባቢ መሆን አለባቸው። ልዩነቱ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ከሩብ እጅግ ከራቀ ሌንሱ ወይም ሕትመቱ ላይ ስህተት አለ፤ ሳይታተም አስመልሺው።